ሦስት ዓመት መኪናቸውን አቆምኩ፣ ዘንድሮ ገብቼ ሰማኋቸው

የፓርኪንጉ ልጅ
ሰላም ለቤቱ። ይህን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀምበት የሀበሻ ኮንሰርት የት እንደሆነና ቲኬት ማን ጋ እንዳለ ለመጠያየቅ ነው፤ ቴዴስኪ ትራክስ የሚባል የፈረንጅ ባንድ ይዤ ስመጣ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ። ለሰው ካላወራሁት አይለቀኝም።

ሥራዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዲሲ፣ ዳውንታውን፣ ፓርኪንግ፣ የማታ ሺፍት። ከዋርነር ቲያትር ብዙ አይርቅም። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰረስርበት ሰሞን፣ አንድ ባንድ ይመጣና ማታ ማታ ተከታትሎ ይጫወታል። ይህን የነገሩኝ መኪኖቹ ናቸው። ለሌላ ኮንሰርት የሚመጣ ሰው አንድ ማታ አቁሞ ይሄዳል። የእነዚህኞቹ ግን ሐሙስ ያቆመው ዓርብም ያቆማል፣ ቅዳሜም ያቆማል። ታርጋው የፔንስልቬንያ፣ የኖርዝ ካሮላይና። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከካፖርታቸው ሥር ከመታጠብ ብዛት ጽሑፉ የለቀቀ ቲሸርት የለበሱ ሰዎች። አንዱን «ትናንት አይተኸው የለም እንዴ?» ብለው «የትናንቱ የትናንት ነው» አለኝ። ለይቶላቸዋል ብዬ ተውኩት።

ከእነሱ መሃል አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁልጊዜ ከሚስታቸው ጋር ነው የሚመጡት፣ ሁልጊዜም ምሰሶው ሥር ነው የሚያቆሙት። ዘንድሮ ብቻቸውን መጡ። «እመቤቲቱስ?» ስላቸው ጉልበቷን ተቀድዳ ተኝታለች አሉኝ። የፓርኪንጉን ቲኬት ተቀብለው ሊወጡ ካሉ በኋላ ተመለሱና ቡዙ መስኮት ላይ የሚስታቸውን የኮንሰርት ቲኬት አስቀመጡ፦ «ባዶ ወንበር አጠገብ መቀመጥ አልወድም። ና።»

ባልደረባዬን ለመንኩት። እሑድ ጠዋት እኔ እገባልሃለሁ ብዬ አስማማሁት (በዋዛ አልተስማማም፣ ምሳም ጨምሬ ነው)። ዩኒፎርሜ ላይ ጃኬት ደርቤ ገባሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ ሰዓቱ ነው። ሁለት ሰዓት ተብሎ ሁለት ከአሥር ላይ ጀመሩ። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ዲጄው ገና ገመድ እየፈታ ነው። ቀጥሎ ብዛታቸው። አሥራ ሁለት ሰው! ሁለት ድራም ጎን ለጎን፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሦስት ተቀባዮች፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ከፊት ደግሞ ጊታር የያዙ ባልና ሚስት። ቴዴስኪ ትራክስ ባንድ የተባሉት የሚስትየውና የባልየው የአባት ስም ተጣምሮ ነው።

ሱዛን ቴዴስኪ ስታወራ ድምጿ ቀጭን ነው፣ ሚጢጢ ልጅ የምታወራ ነው የሚመስለው። «እንደምን አመሻችሁ» ስትል «ይቺ ናት የምትዘፍነው?» ብያለሁ በሆዴ። ከዚያ ዘፈነች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ሻካራ፣ ወፍራም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጮህ ሰው ድምፅ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ ብዬ አልዋሽም፣ ጃኬት ለብሻለሁ፤ ማጅራቴን ግን ወረረኝ።

ባልየው ዴሪክ ትራክስ ጭራሽ አያወራም። ከፊቱ ማይክ እንኳ የለም። ፀጉሩን ወደ ኋላ አስሮ፣ ቀይ ጊታር ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። የቀለበት ጣቱ ላይ የመስታወት ቱቦ አጥልቋል። ክሩን አይጫነውም፤ በመስታወቱ ይዳብሰዋል። የሚወጣው ድምፅ የጊታር አይመስልም። እናንተ፣ ማሲንቆ ነው! አዝማሪው ስንኙን ግማሽ ላይ ጥሎት ቀሪውን ማሲንቆው የሚጨርስለት የለም? እንደዚያ። ሚስትየው ትዘፍናለች፣ የቃሉ ጫፍ ላይ ዝም ትላለች፣ እሱ ይጨርስላታል።

ከእረፍት በኋላ አንድ ዘገምተኛ ዘፈን ውስጥ የሆነውን ብቻ ነግሬያችሁ ላብቃ። ነፊዎቹ አቆሙ። አንደኛው ድራም አቆመ። ኪቦርዱ ቀነሰ። ሰውየው በትንሿ ጣቱ የጊታሩን ድምፅ መቀነሻ እያዞረ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። አንዲት ኖታ ከታች እየጎተተ ያመጣትና ልትደርስ ስትል ይተዋታል። እንደገና ያነሳታል፣ እንደገና ይተዋታል። ከአሥራ ስምንት መቶ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ የወንበር ሲጥታ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው ምራቃቸውን ሲውጡ ሰማኋቸው። አራተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ኖታዋን አደረሳት። የዚያኔ አሥራ ሁለቱም በአንድ ላይ ገቡ። አጠገቤ ያለ ግዙፍ ፈረንጅ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ፤ ተመልሶ ሲመጣለት አላየሁም።

ይኸው ነው። ከእናንተ መሃል ያያቸው አለ?

ሽሮ_በጊታር
ወንድሜ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አነበብኩትና እንቅልፌን ነሳኸኝ። አዎ አይቻቸዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ጊታር ስለምነካካ ስለ እጁ ልጨምርልህ።

መስታወቱ ስላይድ ይባላል። የእሱ አሠራሩ ከመድኃኒት ጠርሙስ የተወሰደ ነው፤ ከእሱ በፊት ኦልማን ብራዘርስ የሚባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ዱዌን ኦልማን የጉንፋን ክኒን ጠርሙስ ጣቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚጫወተው። ዱዌን በ1971 በሞተር ብስክሌት አደጋ ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። የዚያ ባንድ ድራመር ቡች ትራክስ ደግሞ የዴሪክ አጎት ነው። ዴሪክ ራሱ በ1999 በ20 ዓመቱ ኦልማን ብራዘርስ ገብቶ፣ ባንዱ በ2014 እስኪበተን ድረስ እዚያው ነበር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

የመጀመሪያ ጊታሩን በዘጠኝ ዓመቱ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ፣ ሰው ግቢ ውስጥ ከሚሸጥ ልባሽ ዕቃ መሃል በ5 ዶላር ነው የገዛው። እጁ ትንሽ ስለነበረ ክር መጫን ያስቸግረዋል፤ ስላይድ የጀመረው ለዚያ ነው። ሌላው ሰው እንደ ልዩ ቅመም ጣል የሚያደርገውን እሱ አፉን የፈታበት ነው ማለት ነው።

ማሲንቆ ያልከው ስሜት ብቻ እንዳይመስልህ። ጊታር አንገቱ ላይ ብረቶች አሉት፤ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ማሲንቆ ብረት የለውም፣ ክሩም እንጨቱን አይነካም፣ ጣት ነው የሚወስነው። ስላይድም ያንኑ ነው የሚያደርገው፤ ደረጃውን አፍርሶ ዳገት ያደርገዋል። በሁለት ኖታ መሃል ያለችው፣ ፒያኖ የሌላት፣ የሰው ጉሮሮ ግን ያላት ድምፅ እዚያ ውስጥ ናት።

ደግሞ አቃኘቱ። እኛ መጀመሪያ የምንማረው የጊታር ቅኝት ባዶውን ብትመታው ምንም አይልህም። የእሱ ግን ክሮቹ ሚ፣ ሲ፣ ሚ፣ ሶል ዲያዝ፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ነው የተቃኙት፤ እጅህን ሳታሳርፍ ብትገርፈው ሙሉ ኮርድ ነው። ክራር ማለት አይደል? መጀመሪያ ቅኝቱን ትሠራለህ፣ ከዚያ ውስጡ ትኖራለህ። እሱም ከዚህ ቅኝት አይወጣም። መምቻም አይዝም፣ በባዶ ጣት ነው።

ጋሽ ታዛቢ
ልጆች፣ ሁሉን ነገር ማሲንቆና ክራር ካላላችሁ አይጥማችሁም? ፈረንጁ በራሱ ተጫወተ፣ ጨዋታው አማረ፣ አለቀ። አሁን ደግሞ ትዝታ ነው የሚል ይመጣል ተመልከቱ።

የሺ ከአሌክሳንድሪያ
ትዝታ ነው 😂

የሺ ከአሌክሳንድሪያ
ይቅርታ ጋሼ፣ አፌ ላይ መጣ። እኔ ያየኋቸው በሰመር ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ዎልፍ ትራፕ። የማታውቁት ካላችሁ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ከላይ ጣሪያ ያለው ትልቅ የእንጨት ቲያትር፣ ከኋላው ደግሞ ሣር ያለበት ተዳፋት። ሣሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ምግቡንም መጠጡንም ከቤቱ ይዞ መምጣት ይችላል። ይህን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ «ፒክኒክ ነው፣ የሆነ ነገር ይዘሽ ነይ» ስትለኝ እኔ እንደምታውቁኝ ነኝ። ጎመን፣ አይብ፣ ቀይ ሥር፣ ክትፎ በሌማት ሙሉ፣ ሁለት ጥቅል እንጀራ። እነሱ ያመጡት? ወይንና ካሮት። ካሮት በትንሽ ላስቲክ!

መጨረሻ ላይ ዙሪያችን ያሉ ሰባት ስምንት የማናውቃቸው ሰዎች እኛ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። አንዷን ሴትዮ አጎርሻት እጄ አየር ላይ እያለ ዘፈኑ ተጀመረና ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ወደ መድረኩ ዞረች፤ ክትፎው ቀሚሷ ላይ። አልተቆጣችም። ማየቷንም እንጃ።

ስለ ሙዚቃው ብዙ አላውቅም። ግን ሱዛን ስትዘፍን ባሏ እንዴት እንደሚያያት አይታችኋል? ፊቱ አይስቅም፣ ምንም የለውም። ግን ከእሷ አፍ አንዲት ቃል አታመልጠውም። እኔ ባሌን ከመኪና ውስጥ ስጠራው ሦስት ጊዜ ነው።

የፓርኪንጉ ልጅ
ሃሃሃ የሺ! ሽሮ፣ የክራሩን ነገር እንደዚያ አስቤው አላውቅም፤ ዛሬ ዩቲዩብ ላይ እጁን እያየሁ ነው የዋልኩት። ጋሽ ታዛቢ፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን ሰው የማያውቀውን በሚያውቀው ነው የሚለካው፣ ምን ላድርግ።

ማዕበል
የብቻዬ አስተያየት ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይ አትወርውሩብኝ። እኔ እነሱን አይቼ እንቅልፍ ወስዶኛል። በእውነት። ሚስትየው ስትዘፍን አንደኛ ነበር። ከዚያ ጊታሩ ይመጣል፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ሳክስፎኑ፣ ከዚያ ሁለቱ ድራመሮች ብቻቸውን። ድራሞቹ ሲጀምሩ መጸዳጃ ቤት ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ቢራ ገዝቼ ስመለስ ያው ዘፈን ነው። ዘፈን ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር ነው ብዬ ነው የማምነው። ነፍስ ያለው ሙዚቃ ትላላችሁ፤ ነፍስ አለው፣ ግን ሰዓት የለውም።

ሽሮ_በጊታር
ማዕበል ድንጋይ አልወረውርም፣ ግማሹን እስማማለሁ። የድራሙን ክፍል እኔም ቢራ መግዣ ነው የማደርገው። የጊታሩን ግን አልተውልህም። ሌሎች ጊታሪስቶች ሲሮጡ ታያለህ፣ በደቂቃ ስንት ኖታ እንደጨመሩ የሚቆጥር ያለ ይመስላቸዋል። ይህ ሰው መተው ይችላል። የፓርኪንጉ ልጅ የነገረን «ሊያደርሳት ሲል ይተዋታል» ያለው ያ ነው ጨዋታው። በነገራችን ላይ የህንድ ሙዚቃ ተምሯል፤ ሳሮድ የሚባለው የህንድ ባለ ክር መሣሪያ ሊቅ የነበሩት አሊ አክባር ካን ካሊፎርኒያ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ገብቷል። ሳሮድም ብረት የለውም፣ ድምፁ ይንሸራተታል። አንድ ዜማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይቸኩሉ መቆየት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አስመራ ተወልጄ
ሰላም ልጆቼ። ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ግን እጄን በላኝ።

ጋሽ ታዛቢ ሁሉን ወደራሳችን እንስባለን ማለታቸው እውነት አለው፤ ነገር ግን ገመዱ ከሁለቱም ወገን የተጎተተ መሆኑን ብጨምርስ? እኔ ልጅ እያለሁ አስመራ ላይ የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ ነበረ። ሬዲዮአቸው ለወታደሮቻቸው ነበር የሚያስተላልፈው፤ እኛም ጆሮ ስላለን እንሰማለን። ታላቅ ወንድሜ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሰፈሩ ሥሩ ይሰበሰባል። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። ጥቁሮቹ አሜሪካውያን ሲጮሁ ግን ምን እንዳሉ የጠፋው ሰው አላየሁም።

በኋላ አዲስ አበባ ስመጣ ዓለማየሁ እሸቴ መድረክ ላይ ሲወራጭ፣ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ነፊዎች በአንድ ላይ ሲገቡ ስሰማ፣ ያ የመስኮቱ ሬዲዮ ነው ትዝ ያለኝ። ልጆቹ ሰምተውት የራሳቸው አድርገውታል። ስለዚህ የፓርኪንጉ ልጅ ዲሲ ላይ ሦስት ነፊዎች ከድራም ጋር ሲገቡ ማጅራቱን ቢወረው የማያውቀው ነገር አልነበረም። አባቱ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ባንዱ ነጭ ነው ጥቁር?

ሽሮ_በጊታር
አባቴ እንኳን ጻፉ! ድብልቅ ነው። ባልና ሚስቱ ነጭ ናቸው፣ ባንዱ ውስጥ ግን ጥቁሮችም ብዙ ናቸው፤ ሳክስፎኑን የሚነፋው ኬቢ ዊሊያምስ፣ ትራምፔቱን ኤፍሬም ኦውንስ (ስሙን ስሰማ ሀበሻ መስሎኝ ነበር)፣ ከተቀባዮቹ ማይክ ማቲሰንና ማርክ ሪቨርስ። ማይክ ብቻውንም ይዘፍናል፣ ከጥሩዎቹ ዘፈኖቻቸው ብዙዎቹን በመጻፍ እጁ አለበት።

ኪቦርድና ዋሽንት የሚጫወት ኮፊ በርብሪጅ የሚባል ሰውም ነበራቸው። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። በአንድ እጁ ኪቦርድ ይዞ ዋሽንቱን ሲያነሳ መድረኩ ሌላ አገር ይሆናል። ፌብሩዋሪ 15፣ 2019 ሞተ። ያን ቀን አዲሱ አልበማቸው ገበያ የወጣበት ቀን ነበር። በአንድ ቀን ልደትና ለቅሶ። ሁለተኛ ጊዜ ሳያቸው እሱ አልነበረም፤ በእሱ ቦታ የገባው ኪቦርዱን ጥሩ አድርጎ ይጫወታል፣ እኔ ግን ዋሽንቱን እየጠበቅሁ ነው ያመሸሁት።

አስመራ ተወልጄ
ነፍሱን ይማር። አመሰግናለሁ ልጄ።

ጋሽ ታዛቢ
አስመራ፣ ወንድሜ፣ ቃኘውን አነሳህና አፌን ዘጋኸው። እኔም ሰምቼዋለሁ። ይኼኔ ጎረቤት ነበርን።

ትዝታ የሚሉትን ልጆች ግን አሁንም አልለቃቸውም። ትዝታ ቅኝት ነው፣ የአምስት ድምፅ ቤት ነው፣ ሆድ የባሰው ሰው ሁሉ ትዝታ ተጫወተ አይባልም!

ሽሮ_በጊታር
ጋሼ እዚህ ላይ ትንሽ ልሟገትዎት። ቅኝት ነው ብለው ካሉ ቅኝቱን እንቁጠረው። የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የአሜሪካ ደቡብ የቤተ ክርስቲያን ዜማና የገጠር ዘፈን ብዙው የቆመው በእነዚያው በአምስቱ ነው። ባቲ ማይነር ደግሞ የብሉዝ ጊታሪስት ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ስኬል ነው። አንዱ ከአንዱ ወሰደ እያልኩ አይደለም። ግን ዴሪክ ያንን ዘገምተኛ ዘፈን ሲጫወት ጆሯችን ትዝታ ያለው ዝም ብሎ በእንባ አይደለም፣ ኖታዎቹም እዚያው ናቸው። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው፤ እሱ ሦስተኛዋን ድምፅ ቀና አያደርጋትም፣ በሜጀርና በማይነር መሃል ያንሳፍፋታል። ብሉዝ የሚያደርገው ያ ነው።

ጋሽ ታዛቢ
አምስቱን ድምፅ እቀበላለሁ። አካሄዱን አልቀበልም። ረታኸኝ ብለህ አትጻፍ።

ሮክ ወዳዷ
እኔ ደግሞ ወሬ ልጨምርበት። ይህን ታውቃላችሁ? ዴሪክ ስሙ የወጣለት ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን በ1970 ካቋቋመው ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ ከሚባል ባንድ ነው። የዚያ ባንድ «ለይላ» የሚባለው ዝነኛ አልበም የወጣው ኖቬምበር 9፣ 1970። ሱዛን የተወለደችው መቼ ነው? ኖቬምበር 9፣ 1970! ቦስተን። አልበሙ ላይ ስላይድ የተጫወተው ዱዌን ኦልማን። በኋላ ደግሞ ዴሪክ አድጎ ከክላፕተን ጋር ዓለምን ዞረ። ይህን በልብ ወለድ ብትጽፈው አዘጋጁ ይሰርዘዋል።

አልበሙ የተሰየመበት ታሪክ ደግሞ የኒዛሚ የፋርስ ግጥም ነው፣ የለይላና የመጅኑን። እነ ዴሪክ በኮሮና ጊዜ ቤት ተዘግቶባቸው ያንን ግጥም ሁሉም አንብበው፣ በለይላ ዓይን ቢታይስ ብለው 24 ዘፈን ሠሩ። በ2022 በአራት አልበም ከፍለው አወጡት። የቀዱት ጃክሰንቪል፣ ግቢያቸው ውስጥ ባለው ስቱዲዮ ነው። እኔ ኮሮና ላይ ያተረፍኩት ድርቆሽ መሥራት ብቻ ነው።

ኮሎራዶ ነኝ
ከዲሲ ውጪ ያለነውን አትርሱን። ዴንቨር አጠገብ ሬድ ሮክስ በሰመር ይመጣሉ። በሁለት ግዙፍ ቀይ ቋጥኝ መሃል የተሠራ መቀመጫ ነው፣ ከዘጠኝ ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ከባሕር ወለል ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ይጠጋል። ከሌላ ስቴት የመጡት ፈረንጆች ደረጃው ላይ ቆመው ሲያለከልኩ፣ እኔና ጓደኛዬ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ያደግን ሰዎች ቢራ በሁለት እጅ ይዘን አለፍናቸው። በሕይወቴ ስፖርተኛ ሆኜ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ምክር፦ ማታ ይበርዳል። ጁላይ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትሄዱ። እኛ ጋቢ ይዘን ሄደን ነበር፤ አንድ ሰውዬ «የት ነው የሚሸጠው?» ብሎ እስከ መኪናችን ተከተለን።

ቃልኪዳን_21
አዲስ ነኝ ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ። ከየት ልጀምር? ደግሞ ዋርነር በባቡር ይኬዳል?

ሽሮ_በጊታር
እህቴ፣ በ2012 የወጣ የመድረክ ቅጂ አላቸው፣ ሁለት ሲዲ ነው፣ ከዚያ ጀምሪ። የመጀመሪያው የስቱዲዮ አልበማቸው በ2011 ወጥቶ በዓመቱ የብሉዝ ግራሚ ወስዷል፣ ጥሩ ነው፤ ግን እነዚህ ሰዎች ስቱዲዮ ውስጥ ጨዋ ይሆናሉ። መድረክ ላይ ነው የሚለቁት። በየማታው የሚጫወቱትን ይቀያይራሉ፤ የፓርኪንጉ ልጅ ያያቸው ሰዎች ሦስት ቀን የሚመላለሱት ለዚያ ነው።

ባቡሩ ሜትሮ ሴንተር ያወርድሻል፣ ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዢ፣ በተለይ ከነፊዎቹ ፊት ከሆንሽ።

ቃልኪዳን_21
ዋጋውስ?

ማዕበል
ጥሩ ወንበር ከፈለግሽ ያን ቀን የሠራሽውን ይዘሽ ሂጂ። ለእንቅልፍ ውድ ነው 😴

የሺ ከአሌክሳንድሪያ
ማዕበል አንተን እኮ ነው ክትፎ አብልቶ መውሰድ። ቃልኪዳን፣ ሰመርን ጠብቂ፣ የሣሩ ቲኬት ይረክሳል። ካሮት እንዳትይዢ ብቻ።

አስመራ ተወልጄ
የፓርኪንጉ ልጅ፣ አንድ ነገር ሳትነግረን ቀረህ። ሲያልቅ ምን ሆነ? ሽማግሌው ምን አሉህ?

የፓርኪንጉ ልጅ
አባቴ፣ ረስቼው አይደለም፣ የሥራ ወሬ መስሎኝ ነው የዘለልኩት።

ሙሉውን አላየሁም። ባልደረባዬ ስልክ ላይ ስልክ ይደውላል፤ ኮንሰርት ሲያልቅ ያ ሁሉ መኪና በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው፣ አንድ ሰው አይችለውም። የመጨረሻውን ዘፈን ሲጀምሩ ለሽማግሌው በእጄ ምልክት ሰጥቼ ወጣሁ። አዳራሹ በር ላይ ትንሽ ቆምኩ። የውጪው በር ላይም ትንሽ ቆምኩ። መንገድ ላይ ሆኜም ቤዙ ብቻ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር፣ ዱም ዱም። ከዚያ ሮጥኩ።

ቡዝ ውስጥ ገብቼ ጃኬቴን ሳወልቅ መኪኖቹ ተሰልፈው ነበር። ሌላ ጊዜ ይህ ሰልፍ ክላክስ ነው፣ «ምን ሆናችኋል» ነው። እነዚህ መስኮታቸውን በዚያ ብርድ ከፍተው ነው የሚጠብቁት። ባርኔጣውን የወረወረው ሰውዬ ደረሰ፤ ባርኔጣ የለውም። አየኝ፣ ዩኒፎርሜን አየ፣ እንደገና አየኝ። «አንተ እዚያ ነበርክ!» አለኝ። ነበርኩ አልኩት። «መጨረሻውንስ?» «አላየሁም።» ሰውየው ከኋላው ያ ሁሉ ሰልፍ እያለ ስልኩን አውጥቶ የቀዳውን አጫወተልኝ። ክላክስ ያደረገ የለም።

ሽማግሌው መጨረሻ ነው የመጡት። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ምንም አላሉኝም፤ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ለሚስታቸው የቱን የቱን ዘፈን እንደተጫወቱ በተራ እየነገሯት ነበር። በሩን ስከፍትላቸው ስልኩን ሳይዘጉ ወደ እኔ ዞረው «የቱን ወደድከው ትልሃለች» አሉኝ። ስሙን አላውቀውም። ዜማውን አንጎራጎርኩት። በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

የሺ ከአሌክሳንድሪያ
አሁን ይህን የሥራ ወሬ ነው ብሎ የሚዘል ሰው ምን ይባላል።

ጋሽ ታዛቢ
አንጎራጎርከው? በትዝታ ነው ወይስ በፈረንጁ?

የፓርኪንጉ ልጅ
በአምስቱ ድምፅ ነው ጋሼ 😄 የሚመጣው ፌብሩዋሪ እርስዎንና አስመራን ይዤ ልግባ። መኪናዎትን ምሰሶው ሥር አስቀምጥልዎታለሁ።

ጋሽ ታዛቢ
በነፃ?

የፓርኪንጉ ልጅ
ለሙግቱ ጨምረው ይከፍላሉ።

ማዕበል
እኔም እመጣለሁ። ትራስ ይፈቀዳል?